ቅዳሜ ሲመጣ የእንጀራ ልጅ የሚሆነው ኳስ

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ኖቬምበር 26 ቀን 2022። ኳታር ላይ በመጀመሪያ ጨዋታዋ በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 ተረትታ ዓለምን ያስደነገጠችው አርጀንቲና ሜክሲኮን ልትገጥም ሜዳ ገብታለች። ከተሸነፈች ሻንጣዋን ትሸክፋለች፣ የሜሲም የዓለም ዋንጫ ህልም እዚያው ይቀበራል። አዲስ አበባ ላይ ሰዓቱ ከምሽቱ 4፣ ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ከቀኑ 8 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ሰዓቱ ሁሉ በሐበሻ፣ ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

አሜሪካ ውስጥ ያንን የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝኛ የማሳየት መብት የገዛው ፎክስ ነበር። ታዲያ በዚያች ሰዓት የፎክስን ዋና ጣቢያ የከፈተ ሰው ያየው ሜሲን አይደለም። የኦሃዮ ስቴትና የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጎረምሶች ሄልሜት አጥልቀው ሲላተሙ ነው። የእነሱ ጨዋታ በ6 ሰዓት ተጀምሯል፤ 8 ሰዓት ሲሞላ ገና አላለቀም። ሜሲ በ64ኛው ደቂቃ ከሳጥን ውጪ መሬት ለመሬት የላካት ኳስ መረብ ላይ ስታርፍ ሊያያት የፈለገ፣ ኤፍኤስ 1 የሚባለውን የፎክስ ታናሽ ጣቢያ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። በስፓኒሽ የሚያስተላልፈው ቴሌሙንዶ ግን ጨዋታውን በዋናው ጣቢያው ነው የለቀቀው።

ፎክስ በዚህ ውሳኔው ከሰረ? በፍጹም! ሚቺጋን 45 ለ 23 ያሸነፈበትን ያንን ጨዋታ ወደ 17 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። በንግድ ዓይን ካየነው ፎክስን የሚወቅስ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን አንድ ቀን ወደ ኋላ እንመለስ። አርብ ዕለት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ዋና ጣቢያ እንግሊዝና አሜሪካ ባዶ ለባዶ ሲለያዩ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው በፎክስ ተከታትሎታል። ጎል ያልታየበት ጨዋታ! እንግዲህ አሜሪካዊው ኳስ አያይም የሚባለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ችግሩ ተመልካቹ ጋ ሳይሆን ቅዳሜ የሚባለው ቀን ጋ ነው።

ለአዲስ አበባ አንባቢ የኮሌጅ ስፖርት ሲባል ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ በዲፓርትመንቶች መካከል የሚደረግ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ኦልድትራፎርድ አጠገቡ ትንሽ ሜዳ ነው። ቅዳሜ ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች በባህል ብቻ ሳይሆን በሕግም የተከለለ ቀን ነው። በ1961 የአሜሪካ ኮንግረስ ባወጣው የስፖርት ስርጭት ሕግ መሠረት፣ ኤንኤፍኤል የተባለው ኃያል የፕሮፌሽናል ሊግ ከሴፕቴምበር ሁለተኛ አርብ እስከ ዲሴምበር ሁለተኛ ቅዳሜ ድረስ አርብ ማታና ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች ጨዋታ በሚደረግበት አካባቢ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ቢያስተላልፍ ሕጉ የሰጠውን ጥቅም ያጣል። ለዚህ ነው ኤንኤፍኤልን የሚያህል ጉልበተኛ በእነዚያ ወራት ቅዳሜን ሳይነካ የኖረው።

ቅዳሜ በቴሌቪዥን እንዲህ የተጨናነቀው ግን ከ1984 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ስንት የኮሌጅ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይታይ የሚለውን የሚወስነው ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ነበር፤ እሱ ደግሞ ቆጥቦ ነበር የሚሰጠው። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ7 ለ 2 ድምፅ (የኳስ ውጤት ይመስላል) ማኅበሩን ረታው። ከዚያ በኋላ በሩ ተበረገደ። ዛሬ በመጸው ወራት ቅዳሜ ዋሽንግተን ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት የጀመረ የኮሌጅ ጨዋታ በተራው በ9:30 ለሌላው፣ ምሽት በ1:30 ደግሞ ለሌላው እያስረከበ እኩለ ሌሊት ይደርሳል። ጠዋት ላይም ቢሆን ኢኤስፒኤን ዋና ጣቢያውን ኮሌጅ ጌምዴይ ለሚባለው የወሬ ፕሮግራሙ ሰጥቶታል። ጨዋታ እንኳ አይደለም፤ ስለ ጨዋታው የሚወራ ወሬ ነው!

እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ። እንግሊዝም የራሷ የቅዳሜ ክልከላ አላት። በ1960ዎቹ የበርንሌይ ሊቀመንበር የነበረው ቦብ ሎርድ፣ ትልልቆቹ ክለቦች በቴሌቪዥን ከታዩ የትንንሾቹ ስታዲየም ባዶ ይቀራል ብሎ ተከራከረ፤ ተሳካለትም። እስካሁን በእንግሊዝ ሰዓት ቅዳሜ ከ8:45 እስከ 11:15 ባለው ጊዜ ምንም ዓይነት የእግር ኳስ ጨዋታ በአገሪቱ በቀጥታ አይተላለፍም። ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ የሚጀምሩትን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች የማንቸስተር ነዋሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት አይችልም፤ የአዲስ አበባውና የዋሽንግተኑ ተመልካች ግን ይችላል። እንግሊዝ የራሷን ኳስ ከራሷ ሰው ሸሸገች። አሜሪካ ደግሞ ቅዳሜን ለሞላላዋ ኳስ አጠረች። ክቧ ኳስ አሜሪካ ላይ እንደዚህ ያለ የሕግ ጋሻ የላትም፤ ጣቢያዎቹ ክፍተት ሲያገኙ ያስገቧታል፣ ሲጠብባቸው ያስወጧታል።

ይኼ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ለትልቁ እንግዳ ትልቁን ወንበር መስጠት ያለ ነው። ተመልካቹን እርር ድብን የሚያደርገው ሰዓቱ ነው።

እግር ኳስ ሰዓቱ የታወቀ ነው። 45 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ እረፍት፣ 45 ደቂቃ፣ ባካካሱት ጥቂት ደቂቃ ተጨምሮበት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። የአሜሪካ ፉትቦል በወረቀት ላይ 60 ደቂቃ ነው። ታዲያ ጣቢያዎቹ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይመድቡለታል፤ እሱም አይበቃውም። ሰዓቱ ይቆማል፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ዳኛው ሄዶ ቪዲዮ ያያል፣ መብረቅ በአቅራቢያው ከታየ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሁሉም ወደ መልበሻ ክፍል ይገባል። ከ1996 ወዲህ ደግሞ አቻ የሚባል ነገር የለም። በኦክቶበር 2021 ኢሊኖይና ፔን ስቴት አሸናፊው እስኪለይ ዘጠኝ ጊዜ ጭማሪ ተጫውተዋል፤ በመጨረሻ ውጤቱ 20 ለ 18! ከእንዲህ ያለ ጨዋታ ጀርባ «በዚህ ሰዓት እግር ኳስ ይጀምራል» ብሎ ፕሮግራም ማውጣት ሰውን ማሾፍ ነው።

ጣቢያዎቹ ለምን በሰዓቱ አይቆርጡትም? እዚህ ላይ የድሮ ጠባሳ አለባቸው። በኖቬምበር 1968 ኤንቢሲ የኒውዮርክ ጄትስንና የኦክላንድ ሬይደርስን ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው አቋርጦ «ሃይዲ» የተባለ የልጆች ፊልም ለቀቀ። በቀረችው ጊዜ ኦክላንድ ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ 43 ለ 32 አሸነፈ። የጣቢያው ስልክ በስድብ ተጨናነቀ፣ በማግስቱ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ጣቢያ ሞላላዋን ኳስ ሳያልቅ ጥሎ አይሄድም። ጥሩ ትምህርት ነው። የሚያሳዝነው ትምህርቱ ለአንዱ ስፖርት ብቻ መሆኑ ነው። የሃይዲ ተመልካች ያስለቀሰውን ሰው ያህል፣ መጀመሪያውን 20 ደቂቃ የተበላበት የእግር ኳስ ተመልካችም አለ። ጎሏ በ5ኛው ደቂቃ ከገባች «ድጋሚውን እናሳያችኋለን» ይሉታል። የቀጥታ ስርጭት ብሎ ለጠበቀ ሰው ድጋሚ ምን ይሠራለታል?

ከሰዓቱ ጀርባ ያለው ገንዘብ ነው። በ45 ደቂቃ ውስጥ ማስታወቂያ የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ደግሞ የሚበላው ማስታወቂያ ነው። ቀዳዳውን ለመፍጠር ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። በ1967 ሲቢኤስ አዲስ የተቋቋመ የአሜሪካ ሊግ ሲያስተላልፍ፣ ፒተር ሮድስ የተባለ ዳኛ በአንድ ጨዋታ ከነፋቸው 21 ጥፋቶች 11ዱ ለማስታወቂያ ሲባል የተነፉ መሆናቸውን ራሱ አመነ። ጉድ በል! በ1990 የዓለም ዋንጫም ቲኤንቲ ጨዋታው እየተካሄደ ማስታወቂያ ያስገባ ነበር። በ1994 ውድድሩ አሜሪካ ላይ ሲደረግ ነው ያለማቋረጥ ማሳየት የተለመደው። ዛሬ ማንም ጨዋታ አያቋርጥም፤ ነገር ግን ማስታወቂያ የማይገባበት ጨዋታ ማስታወቂያ ከሚገባበት ጋር ሲጋጭ የቱ እንደሚገፋ ለመገመት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ቁጥሩንም እንይ። ሚቺጋንና ኦሃዮ ስቴት ያሉበት ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ በ2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት የተፈራረመው ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ኤንቢሲ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለስድስት ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን የገዛው 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው ተብሏል። በዓመት ሲካፈል አንዱ ቢሊዮን ነው፣ ሌላው ግማሹን አይሞላም። ቢሊዮን የከፈሉበትን ከፊት ያስቀምጣሉ፤ ምኑ ይገርማል?

ይህንን ለመረዳት ደግሞ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ማንኛውም የሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት በቂ ነው። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በአንድ ሰዓት ከተለያየ ቡድን ጋር ሲጫወቱ፣ ባለቤቱ ትልቁን ስክሪን ለብዙ ደንበኛ ይከፍታል። የብራይተን ደጋፊ ነኝ ብሎ የሚከራከረው የለም። ግን ባለቤቱ አንድ ነገር ያደርጋል፤ በር ላይ በተሰቀለችው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ዛሬ 11:30 ይኼ ከእከሌ» ብሎ ይጽፋል። ደንበኛው ገንዘቡን ሳይከፍል በፊት ምን እንደሚያይ ያውቃል። ካልጣመው ሌላ ቤት ይሄዳል። ቢሊዮን የሚያንቀሳቅሱት ጣቢያዎች ያቃታቸው ይህችን የጠመኔ ሰሌዳ ነው።

ጉዳዩ ለሐበሻውም ቅርብ ነው። ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚኖረው የኳስ ቤተሰብ የቅዳሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ ከጠዋቱ 1:30 ላይ ነው የሚያየው። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቅ ያደረ ሰው እንቅልፉን ትቶ ነው ስክሪን ፊት የሚቀመጠው። ሎስአንጀለስ ያለውማ ከሌሊቱ 10:30 መነሳት አለበት። እንዲህ ተከፍሎለት የሚታይ ኳስ «ይህ ፕሮግራም ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል» ሲባል፣ ያ ሌላ ጣቢያ ደግሞ በሌላ ክፍያ የሚከፈት ሲሆን፣ ንዴቱ ቀላል አይደለም።

በዓመት አንድ ቅዳሜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እንግሊዝ ሰዓቷን የምትመልሰው በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው፤ አሜሪካ ግን በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ። በመሃል ያለችው ሳምንት ጉደኛ ናት። አዲስ አበባ ላይ የ11 ሰዓቱ ጨዋታ ወደ 12 ሰዓት ሲገፋ የሚያውቀው ሁሉ ይህን ሳምንት ያውቀዋል። ዋሽንግተን ላይ ዘወትር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ 6 ሰዓት አካባቢ የሚያልቀው ጨዋታ በዚያ ቅዳሜ ወደ 5 ሰዓት ይዞራል። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር የኮሌጁ ጨዋታ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ይህ ድንገተኛ አደጋ አይደለም። ካላንደር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ከዓመት በፊት ይታወቃል።

እውነት ለመናገር ሁሉም ጣቢያ አንድ አይደለም። ኤንቢሲ ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉን ሲይዝ ነገሩን አስቦበታል። የቅዳሜውን ማሳረጊያ ጨዋታ ዋሽንግተን ላይ በ6:30 በዋናው ጣቢያ ያሳያል፤ ከ1991 ጀምሮ የያዘውን የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያስገባል። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። ሰዓቱ የታወቀው ይቅደም፣ ማለቂያው የማይታወቀው ይከተል። እግር ኳሱ 8:30 ሳይሞላ ያልቃል፣ ኮሌጁ እስከፈለገ ይቀጥላል፣ ማንም ማንንም አይረግጥም። ይህን ያህል ቀላል ነው! ፎክስ በተቃራኒው ከ2019 ጀምሮ ትልቁን የኮሌጅ ጨዋታ ሆን ብሎ 6 ሰዓት ላይ አስቀመጠ። ከ2015 እስከ 2020 የጀርመን ቡንደስሊጋ በእጁ በነበረበት ጊዜ የቅዳሜው ዋና ጨዋታ ዋሽንግተን ላይ የሚጀመረው 6:30 ነበር። ሁለቱ በአንድ ጣቢያ አይገናኙም። የዶርትሙንድና የባየርን ደጋፊ የሪሞት መቆጣጠሪያውን ሲያሽከረክር የኖረው ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት መጥቶ ችግሩ ተፈታ የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ጨዋታ ከፊቱ ያለፈ ሰዓት የሚበላው ፕሮግራም የለም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይጀምራል። ኢኤስፒኤን በ2021 ላሊጋን ለስምንት ዓመት ሲገዛ አብዛኛውን ጨዋታ ኢኤስፒኤን ፕላስ ላይ የጫነው፣ ኤንቢሲም ከፕሪሚየር ሊጉ የተወሰነውን ፒኮክ ላይ ብቻ ያሳየው ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ መጋጨቱን ያስቀረው ጣቢያው ሳይሆን የተመልካቹ ኪስ ነው። ለኬብሉ ከፍሏል፣ ለኢንተርኔቱ ይከፍላል፣ ሁለት ሊግ የሚከታተል ከሆነ ሁለት ጊዜ። ጣቢያው የራሱን የሰዓት ችግር ለተመልካቹ ሸጠለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኮሌጁ ደጋፊም ቢሆን ከዚህ ዱላ አላመለጠም፤ ይኼ መረሳት የለበትም። የብዙዎቹ ጨዋታ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር የሚነገረው 12 ቀን ሲቀረው፣ አንዳንዴም 6 ቀን ብቻ ሲቀረው ነው። ጣቢያዎቹ የትኛው ቡድን እንዳማረበት አይተው ይመርጣሉ፤ ሆቴልና አውሮፕላን የቆረጠ ደጋፊ ግን ይጠብቃል። በምዕራቡ ጠረፍ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለቴሌቪዥን ሲባል በኒውዮርክ ሰዓት ከምሽቱ 4:30 ላይ ይጫወቱ ነበር፤ የአገሪቱ ግማሽ ተኝቶ ማለት ነው። በመጨረሻም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ኮንፈረንሳቸው ከቴሌቪዥን የሚፈልገውን ገንዘብ አጥቶ በ2024 ሁለት ቡድን ብቻ ቀርቶት ተበታተነ። ሎስአንጀለስ ያሉት ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ አሁን አገር አቋርጠው ኒውጀርሲ ድረስ ሄደው የኮንፈረንስ ጨዋታ ያደርጋሉ።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ሱፐርስፖርት በ2020 ካሜራውን ይዞ ሲገባ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። ክለቦቹ አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው ሳምንታት እየተጫወቱ ወደሌላው መዞር ጀመሩ፤ ጅማ፣ ባህርዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ኮሮናው አንዱ ምክንያት ነበር፣ ካሜራውም ሌላው። ሊጉ ገንዘብና ጥራት አገኘ፤ የገዛ ክለቡን በገዛ ሜዳው ለማየት ወራት የጠበቀው ደጋፊ ግን ሒሳቡ ውስጥ የገባ አይመስልም።

ወደ ፎክስ እንመለስ። ይኼ ጣቢያ የ2018ንና የ2022ን የዓለም ዋንጫ በ2011 ሲገዛ ሁለቱም በክረምት የሚደረጉ መስሎት ነው፤ አሜሪካ ላይ ሞላላዋ ኳስ በማትታይበት ወቅት። ኋላ ፊፋ የኳታሩን ወደ ኖቬምበርና ዲሴምበር ገፋው። ፎክስ ቅሬታ እንደነበረው የታወቀ ነው። በፌብሯሪ 2015 ፊፋ የ2026ን የዓለም ዋንጫ መብት ያለ ጨረታ ለፎክስ ሰጠው፤ ብዙዎችም የሰዓት መጋጨቱ ካሳ ነው አሉት። ጣቢያው እንግዲህ ገና ከሰባት ዓመት በፊት ግጭቱን አውቆታል፣ ከስምምነትም ደርሶበታል። ሰባት ዓመት ሙሉ አስቦበት ያመጣው መፍትሔ ሜሲን ወደ ጓሮ መላክ ነበር።

ጣቢያዎቹ ቅዳሜን ለኮሌጅ አትስጡ የሚላቸው የለም። የሚጠየቁት ትንሽ ነገር ነው። ማለቂያው ከማይታወቅ ጨዋታ ጀርባ እግር ኳስ አይደርድሩ። ጨዋታው ካለፈ ደግሞ እግር ኳሱ በየትኛው ቁጥር እንደሚጀመር ከስክሪኑ ግርጌ ከኳሱ መነሻ በፊት ይጻፉ፤ ከተጀመረ ከሩብ ሰዓት በኋላ አይደለም። በዚያ ምክንያት ወደ ኢንተርኔት የተዛወረውን ጨዋታ ኬብል ለከፈለ ሰው ለዚያች ቀን በነጻ ይክፈቱለት። እንግሊዝና አሜሪካ በሰዓታቸው የሚለያዩባትን ያችን አንዲት ቅዳሜ ደግሞ ከወዲሁ ካላንደራቸው ላይ በቀይ ያክብቧት፤ በየዓመቱ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ትመጣለች።